ክዳኑ ላይ ሁለት ድንጋይ

ኢንስፔክተሩ ስልኩን ሲያነሳ መጀመሪያ የሰማው ሰው ሳይሆን ሞተር ነበር። ከመሬት ሆድ የሚወጣ የሚመስል፣ ደረቱ እንደታፈነ ሽማግሌ የሚስል ሞተር። ይንተከተካል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ አበቃለት ሲሉት እንደገና ይነሳል።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

ከወዲያ ሴት ታለቅሳለች፣ አንድ ሰው «ገመዱን ያዝ፣ ገመዱን» ይላል። ሊዘጋው ሲል ስልኩን የያዘው ሰው ሲተነፍስ ሰማ።

«ሰው ሞቶብናል» አለች በመጨረሻ አንዲት ወጣት። «የገበሬዎች ማሰልጠኛው ጀርባ፣ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው። ሞተሩን ማጥፋት አቃተን።»

«ለምን ያቅታችኋል?»

«የወረደው ሁሉ እያስመለሰው ነው የሚወጣው።»

ሳጅኑን ይዞ ሲደርስ ሞተሩ ቤንዚኑን ጨርሶ ዝም ብሎ ነበር። ሟቹን በገመድ አውጥተው ዛፍ ጥላ ስር አስተኝተውታል፤ ግንባሩ ተሰንጥቋል፣ ደሙ ግን ብዙም አልፈሰሰም። ከተሰበሰቡት ገበሬዎች አንዱም የሌላውን ዓይን አያይም። ኢንስፔክተሩ በሥራ ዘመኑ ብዙ ለቅሶ አይቷል፤ እንዲህ ያለ አንገት የተደፋበት ለቅሶ ግን አላየም።

ሟቹ የማኅበሩ ሊቀመንበር ነበር። ማኅበሩ ሃያ የማይሞሉ፣ መሬታቸው ጠባብ የሆነ ገበሬዎች ናቸው። በማሰልጠኛው አብረው ይማራሉ፣ ከተዘዋዋሪው ብድር በጋራ ዋስትና ይወስዳሉ፣ አንዲቷን የቤንዚን ፓምፕ በተራ ይጠቀማሉ። በጋው ሲከርና ውሃው ወደ ታች ሲሸሽባቸው ፓምፑ ከአፋፉ ሆኖ መሳብ አቃተው። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት የጉድጓዱን ግድግዳ ፈልፍለው እርከን አበጁና ፓምፑን እዚያ አወረዱት።

ስልክ የደወለችው መምህርታቸው ነበረች። ቀጭን ናት፤ እጇ እስከ ክርኗ ፍግ ነክቶታል። «ዛሬ ትምህርት ስለነበር ማንም ውሃ መሳብ አልነበረበትም» አለች። «በትምህርት ቀን ፓምፕ አይነሳም። ደንባችን ነው።»

«ማን አገኘው?»

«እኔ» አለች የሊቀመንበሩ ሚስት ከመሬት ሳትነሳ። «ትምህርቱ ሲያልቅ ልጠራው መጣሁ። ጉድጓዱ በቆርቆሮ ተከድኖ፣ ሁለት ድንጋይ ተጭኖበት፣ ሞተሩ ከስር ያቃስታል።»

ሳጅኑ ድንጋዮቹን በእግሩ ነካ ነካ አደረጋቸው። «ሰው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ከላይ ድንጋይ አይጭንም መቼም፣ አለቃ።»

«ጥሩ ደርሰህበታል» አለ ኢንስፔክተሩ። «በዚህ ከቀጠልክ ይሾሙሃል።»

የገደለው ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መጠየቅ የማያስፈልገው መሰለው። ገበሬዎቹ አፋቸው ባይናገርም ዓይናቸው ወደ አንድ ሰው ይሸሻል። ብድሩን ወስዶ፣ መምህርቷ ግማሹን ብቻ ሽንኩርት አድርግ እያለችው ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ሽንኩርት የተከለው ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙ ተረስቶ ባለሽንኩርቱ ሆኖ ቀርቷል። ቁመቱ ረጅም ነው፤ ጭቃው ጉልበቱ ድረስ ወጥቷል።

«ከሊቀመንበሩ ጋር ተጣልተህ ነበር?»

«ያልተጣላው ማን አለ? ውሃ እኮ ነው።»

«እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ እቀብርሃለሁ ብለኸዋል።»

«ብየዋለሁ። ሚስቴንም እናትሽ ቤት እልክሻለሁ ብያታለሁ። ይኸው ቤቴ ቁጭ ብላለች።»

ሳጅኑ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ኢንስፔክተሩ አልሳቀም። «ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ ነው የመጣኸው አሉ። የት ነበርክ?»

«ቦዬን ስጠግን።»

«ማን አየህ?»

«ሽንኩርቴ።»

ኢንስፔክተሩ መልሱ ደሙን አፈላው። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ዕለት ሰውየውን ያሳሰረው ማስረጃው ሳይሆን ይኸው መልስ ነው። ማሰልጠኛው በር ላይ ደግሞ ብድሩን ከሚሰጠው የድጋፍ ድርጅት ለጉብኝት የመጡ እንግዶች፣ ያማረ ጫማቸውን ከአቧራው እየጠበቁ፣ ፖሊስ ምን እንደሚያደርግ ይመለከታሉ። አንድ ነገር ማድረግ ነበረበት፤ አደረገ።

ባለሽንኩርቱ ካቴናው ሲገባለት ድምፁ ተለወጠ። «ጌታው፣ ነገ ጠዋት ተራዬ ነው። ሽንኩርቱ ራስ እያበጀ ነው፤ አሁን ውሃ ካጣ የጥፍር ያህል ሆኖ ይቀራል። ላጠጣውና ማታውኑ በእግሬ እመጣልዎታለሁ።»

«ፓምፑ ማስረጃ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። «ታሽጓል። ማንም አይነካውም።»

* * *

ሐኪሙ እጁን እየታጠበ ነበር የተቀበለው። «ማንም አልመታውም» አለ። «ግንባሩ የተሰነጠቀው ሲወድቅ ነው። የገደለው የሞተሩ ጢስ ነው። ሰውነቱን ስታየው ገና ያስታውቃል።»

«ታዲያ አደጋ ነው?»

«እንደሱ አላልኩም።» ሐኪሙ ፎጣውን መስቀያው ላይ ሰቀለው። «የቤንዚን ጢስ በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ መጥፎ ነው። ሰውየው ወርዶ ዞረበት፣ ወደቀ። ጉድጓዱ አፉ ክፍት ቢሆን ሰዎች ቶሎ ያዩት ነበር፤ ጢሱም የተወሰነው ይወጣ ነበር፤ ምናልባት ይተርፍ ነበር። ክዳን ሲጣልበት ግን አለቀለት። እኔን ከጠየቅከኝ ሰውየውን የገደለው ያ ቆርቆሮ ነው።»

ኢንስፔክተሩ በመንገዱ ሁሉ ይህን ሲያላምጥ ሄደ። ጣቢያ ሲደርስ ባለሽንኩርቱን አስጠርቶ ጠየቀው፣ መልሱ ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀው ሰውየው ጥያቄውን ትቶ «ዛሬ ደመና አለ?» አለው። ደመና አልነበረም።

የሟቹ ሚስት ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ጥግ ላይ የማዳበሪያ ጆንያ ተደርድሯል፣ ግድግዳው ላይ ሊቀመንበሩ ከመምህርቷ ምስክር ወረቀት ሲቀበል የተነሳው ፎቶ ተሰቅሏል።

«ውሃ እንደሚስብ ታውቂ ነበር?» አላት።

«አውቅ ነበር። ቲማቲማችን እየጠወለገ ነበር፣ ተራችን ደግሞ ገና ነው። በትምህርት ሰዓት ሁሉም ማሰልጠኛው ስለሚሆን ማሳው ጭር ይላል፣ ያኔ ልሳብ አለ። አንተ ሊቀመንበር ሆነህ? አልኩት። ሊቀመንበር ስለሆንኩ ነው የመጨረሻውን ተራ የወሰድኩት፣ አለኝ።»

«ቆርቆሮውስ?»

«ድምፁ እንዳይሰማ የሱ ዘዴ ነው። ሞተሩን አስነስቶ ይወጣና ቆርቆሮውን ይጎትትበታል። የሆነ ነገር ሲበላሽ ገፋ አድርጎ ይወርዳል።»

«ድንጋዮቹንም እሱ ነው የሚጭናቸው?»

«ኧረ የለም። ቶሎ ቶሎ ለሚከፈት ነገር ማን ድንጋይ ይጭናል?»

ወደ ውጭ ሲወጡ ሳጅኑ ወደ ጆሮው ተጠጋ። «ሚስት ናት እኮ፣ አለቃ። ብዙ ጊዜ ሚስት ናት። የኔዋም ብትሆን ቆርቆሮ ካገኘች አትመለስም።»

«ይቺ ከጎረቤቷ ጋር ትምህርት ላይ ነበረች።»

«ጎረቤት ምን ይላል? ነበረች ይላል።»

ይህም አስተያየት መናቅ የለበትም ብሎ ኢንስፔክተሩ ወደ ማሰልጠኛው ተሻገረ።

* * *

መምህርቷ ብቻዋን ጥቁር ሰሌዳ ስትጠርግ አገኛት። ከሰሌዳው ትይዩ፣ ከአጥሩ ስር፣ የኮምፖስት ማዳበሪያ ክምሮች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው መሃል ላይ ረጅም ዱላ ተሰክቷል።

«ያን ቀን የሠሩት ይኼን ነው?»

«ሁለት ሁለት እየሆኑ። ደረቅ ገለባ፣ እርጥብ ቅጠል፣ ፍግ፣ አፈር፣ ውሃ፤ እንደገና ከሥር። አንዱ ሲደለድል ሌላው ውሃ ያመላልሳል። እንግዶቹ ፎቶ እያነሱ ነበር።»

«ሰው ሾልኮ ቢወጣ ይታወቅ ነበር?»

«ክምሩ ያሳብቃል» አለች መምህርቷ፤ ማስተማር የለመደ ሰው ጥያቄ ሲመጣለት ዓይኑ እንደሚበራ፣ ለአንድ አፍታ ዓይኗ በራ። «በደንብ የተሠራ ክምር በጥቂት ቀን ውስጥ ይግላል። ዱላውን መዘው ቢነኩት እጅ ያቃጥላል። ውሃ ያልጠጣ ክምር ግን እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። አንዱ ሠርቶ አንዱ ጠፍቶ ከሆነ…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። መጥረጊያውን አንስታ፣ ንጹሑን ሰሌዳ እንደገና ትጠርግ ጀመር።

ኢንስፔክተሩ ያኔ ልብ አላለውም። ልቡ ያለው ማሳው ላይ ነበር። ሲመለስ በባለሽንኩርቱ መሬት ዳር አለፈ፤ የሽንኩርቱ ቅጠል ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆኗል፣ መሬቱ ተሰነጣጥቋል። የባለሽንኩርቱ ሚስት ከሩቅ ምንጭ በጄሪካን የቀዳችውን ውሃ በጣሳ እየለካች ለአንዱ መስመር ትሰጣለች፣ ለሌላው ትነሳለች። ቀና ብላ አየችው። አልሰደበችውም፣ አልለመነችውምም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

በማግሥቱም በዚያው አለፈ። በሌላ መንገድ መሄድ ይችል ነበር፤ እግሩ እምቢ አለው።

* * *

«አለቃ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ ሳጅኑ መሪውን እንደያዘ። «ድንጋዮቹ ለምን አስፈለጉ? ቆርቆሮው ብቻውን አይበቃም?»

«ሰውየው ገፍቶ እንዳይወጣ ይሆናላ።»

«ሰውየውማ ወድቋል።»

የመኪናው የኋላ በር መንገዱ ባነጠራቸው ቁጥር ይንቀጫቀጫል፤ ከስንት ወር ጀምሮ ይጠገናል ሲባል የኖረ በር ነው። ሳጅኑ በብስጭት እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ በሩን ጫን አድርጎ ያዘው። መንቀጥቀጡ ጸጥ አለ።

«አቁም» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ምን ሆነ?»

«ቆርቆሮው ሞተሩ ላይ ሲሆን ይንቀጠቀጣል። ድንጋይ የተጫነበት እንዳይንቀጠቀጥ ነው። ያን ያደረገ ሰው የፈለገው ሞት ሳይሆን ጸጥታ ነው።» ወደ ሳጅኑ ዞረ። «ባለሽንኩርቱ የሊቀመንበሩ ሌብነት እንዲሰማ ነው የሚፈልገው ወይስ እንዳይሰማ?»

ሳጅኑ አሰበ። «እሱማ እንግዶቹ ፊት ቆርቆሮውን ከፍቶ፣ ኑና ስሙልኝ ይል ነበር።»

«ታዲያ ማን ነው ጸጥታ የቸገረው?»

የታሰረው ሰው ንጹሕ መሆኑን ኢንስፔክተሩ ያኔውኑ አወቀ። ይልቅ ያሳፈረው፣ ይህን ለማወቅ ከመጀመሪያው ቀን የተለየ አንድም አዲስ ነገር ያላስፈለገው መሆኑ ነው። ድንጋዮቹ ያኔም እግሩ ስር ነበሩ።

ማሰልጠኛው ግቢ ሲገቡ መምህርቷ አልነበረችም። ኢንስፔክተሩ ከመጀመሪያው ክምር ዱላውን መዝዞ ጨበጠው፤ ገና እንደነካው ለቀቀው። ሁለተኛው ያቃጥላል። የሊቀመንበሩ ሚስትና የጎረቤቷ ክምር ከሁሉም ይብሳል፣ ሳጅኑ መዳፉን እያራገበ «ይቅርታ ጠይቄያታለሁ» አለ። እንዲህ እያሉ ከአጥሩ ጥግ ያለው ጋ ደረሱ። ዱላው ቀዝቃዛ ነበር። ኢንስፔክተሩ ክምሩን በእጁ ፈለጠው፤ ገለባው እንደተጣለ ደርቆ ተቀምጧል።

* * *

የክምሩ ባለቤት ባልቴት ናቸው፤ የማኅበሩ ሰዎች ሁሉ እማማ ነው የሚሏቸው። በራፋቸው ላይ ተቀምጠው የባቄላ ዘር ይለቅማሉ።

«እማማ፣ ያን ቀን ከማን ጋር ነበር የሠሩት?»

«ከሊቀመንበሩ ጋር ነበር የተመደብኩት። እሱማ የት ተገኝቶ።»

«ታዲያ ብቻዎን ሠሩ?»

የተበላሸ ፍሬ አንስተው ጣሉ። «ብቻዬን ነው እንበል።»

«እንበል ማለት ምን ማለት ነው?»

«ልጄ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሰው አሳልፌ አልሰጥም።»

«አንድ ሰው አሳልፈው ሰጥተዋል እኮ፣ እማማ። ጣቢያ ነው ያለው። ሽንኩርቱ እየሞተ ነው።»

አሮጊቷ እጃቸው ባቄላው ላይ ቆመ። ኢንስፔክተሩ ሊገፋቸው ፈለገ፣ አልገፋቸውም። ሳጅኑም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ጠፋበት።

«መምህርቷ ተተካችልኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ውሃ ላምጣ ብላ ማጠጫውን ይዛ ሄደች። ስትመለስ እጇ ባዶ ነው፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እንግዶቹ ወዲያው ከበቧት። ክምሬም እንደደረቀ ቀረ።»

«ሞተሩን ሰምተው ነበር?»

«እኔ ብቻ?» ቀና አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ሁላችንም ሰማነው። ሚስቱም ሰማች፣ ሁሉም ሰማ። ለጌቶቹ፣ እኛ ጋ ተራ የሚሰርቅ የለም ተብሎ የተነገረበት ዕለት። አካፋችንን እያንኳኳን፣ ጮክ ብለን እያወራን፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አልን። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ምን አልን መሰለህ፣ ልጄ? ተመስገን አልን። እሱ ከታች እየሞተ፣ እኛ ከላይ ተመስገን አልን።»

* * *

መምህርቷን ያገኟት ማሳያ ማሳው ዳር ነው። ሲመጡ አይታቸዋለች፤ አልሸሸችም። የያዘችውን መኮትኮቻ መሬት አስቀምጣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«ክምሩን ነካችሁት» አለች።

«ነካነው። የነገርሽኝ ግን አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ። ስናገረው ምን እንደምናገር አላወቅኩም ነበር። ወይም አውቄው ይሆናል።»

ኢንስፔክተሩ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

«ድምፁን የሰማሁት እንግዶቹ ከመኪና ሲወርዱ ነው» አለች። «ስለ ውሃ ተራው አፌን ሞልቼ ነግሬያቸዋለሁ። ሁለተኛው ዙር ብድር የሚፈቀደው በዚያ ነው፤ ካልተፈቀደ ማሰልጠኛው ይዘጋል። ሄድኩ። ቆርቆሮው ወደ ጎን ተገፍቷል፣ ሞተሩ ያጓራል። ማሳው ዳር ሆኖ ውሃ እየመራ ነው ብዬ አሰብኩ። ጎትቼ ከደንኩት። ተንቀጫቀጨ። ድንጋይ ጫንኩበት።»

«ወደ ውስጥ አላየሽም?»

«ጢሱ ፊቴ ላይ መጣ። ፊቴን አዞርኩ።»

«ጢሱ ሰው እንደሚገድል ታውቂያለሽ?»

ይህን ጥያቄ ፈርታ ስትጠብቀው የከረመች ይመስላል፤ ሲመጣ ትከሻዋ ወረደ። «አውቃለሁ። ፓምፑ ከወረደ ጀምሮ ላስተምራቸው ይዤው ነበር። ለዚያን ቀን ነበር የተመደበው። እንግዶቹ ኮምፖስት ማየት ስለሚወዱ ቀየርኩት።»

ሳጅኑ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ዛፎቹ አየ።

«ሰውየውስ?» አለ ኢንስፔክተሩ። «ንጹሕ ሰው ታስሮ ሲሰነብት?»

«ጠዋት ጠዋት ወደ ጣቢያው ልመጣ እነሳለሁ። ማሰልጠኛው መንገድ ላይ ነው። ገበሬዎቹ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። እገባና አስተምራቸዋለሁ።»

ኢንስፔክተሩ ሊቆጣት ፈልጎ ቁጣው አልመጣለትም። እሱስ ጠዋት ጠዋት በዚያ ሽንኩርት ዳር ሲያልፍ ምን አደረገ? ተመለከተና ወደ ቢሮው ሄደ።

«ተነሺ እንሂድ» አለ፤ ቆማ እንደነበር ያስተዋለው ከተናገረ በኋላ ነው።

* * *

ቢሮው ውስጥ ከኢንስፔክተሩ ወንበር ሌላ ያለው አንድ ወንበር ነው፤ ባለሽንኩርቱ እሱ ላይ ተቀምጦ የተመለሰለትን ቀበቶ ይታጠቃል። ከስቷል። ወደ መስኮቱ ብቻ ያያል።

«ነጻ ነህ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ፓምፑንም ለቀነዋል። እንዲያወጡት፣ አፋፉ ላይ አድርገው እንዲሞክሩት ነግሬያለሁ።»

«ከአፋፉ አይስብም።»

«አይስብም?»

«ለዚህ እኮ ነው የወረደው።» ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ አልፎ አጠበቀው። «እርስዎ ማሳዬን አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ።»

«እንዴት ነው?»

ኢንስፔክተሩ ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። ይቅርታ የምትለዋን ቃል ከመኪናው ጀምሮ አፉ ውስጥ ይዟት መጥቷል። ሊላት ሲል ሰውየው ቀደመው።

«ማን ነው?»

«መምህርታችሁ ናት።»

ባለሽንኩርቱ ፊቱ አልተለወጠም። «ግማሹን ብቻ ሽንኩርት አድርግ ብላኝ ነበር» አለ። «ሁሉንም እንዳታጣ ብላ። አልሰማኋትም።»

በሩ ተከፈተ። ሳጅኑ መምህርቷን አስገባት። ባለሽንኩርቱን ስታይ ደፉ ላይ ቆመች። በአንድ እጇ የበሩን መቃን ያዘች። ሳጅኑ ክርኗን ያዘ።

ባለሽንኩርቱ ተነሳ። ኢንስፔክተሩም ሊከላከል አብሮ ተነሳ። ሰውየው ግን የተቀመጠበትን ወንበር አንስቶ ወደ እሷ ወሰደው፣ አጠገቧ አስቀመጠው፤ መቀመጫውን በእጅጌው ጠረገላት።

«ሳጅኑ በመኪና ያደርስሃል» አለው ኢንስፔክተሩ።

ባለሽንኩርቱ በአጠገባቸው አልፎ ወጣ። በሩን ክፍት ትቶታል።